ምዕራፍ 7፦ በካኑላው ዙሪያ የሚያልፈው ደም

ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ካኑላን ያውቀዋል። ክንድ ወይም የእጅ ጀርባ ላይ በፕላስተር ተይዞ፣ ከላይ ከተንጠለጠለው ከረጢት ፈሳሽ የሚቀበል፣ መድኃኒትም የሚሰጥበት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። «ግሉኮስ ተሰካለት» ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ግን ከረጢቱ ነው። አስታማሚም ዓይኑን የሚተክለው ጠብታው ላይ ነው፤ ሲንጠባጠብ ይረጋጋል፣ ሲቆም ሲስተር ይጠራል። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ዓይናችን የተሳሳተ ቦታ ላይ እንዳረፈ ነው። አንድ ካኑላ ስንት ቀን እንደሚያገለግል፣ ደም ስሩንም እንደሚጎዳ ወይም እንደማይጎዳ በአብዛኛው የሚወስነው በቱቦው ዙሪያ የሚያልፈው ደም ነው። ይህን አንድ ሐሳብ የያዘ ሰው የካኑላው ውፍረት እንዴት እንደሚመረጥ፣ ክንድ ላይ የት ቢገባ እንደሚሻል፣ ለምን ጠብቆ መያዝ እንዳለበትና መቼ መውጣት እንዳለበት ከሞላ ጎደል ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ካኑላ ማስገባት የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ ምክንያቱን መረዳት ግን ሥልጠና አይጠይቅም።

ነገሩ ተራ ስለሚመስል ክብደቱን መናገር ያስፈልጋል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ክንድና እጅ ላይ ከሚገቡት ካኑላዎች ከሦስት አንዱ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ ግማሽ የሚደርሱት፣ ሕክምናው ሳያልቅ ይበላሻሉ። ተበላሸ ስንል ተዘጋ፣ ፈሳሹ ከደም ስር ውጭ ወጥቶ ክንዱን አሳበጠ፣ ደም ስሩ ቀልቶ አመመ፣ ወይም ቱቦው ተንሸራቶ ወጣ ማለታችን ነው። እያንዳንዱ ብልሽት በሽተኛውን እንደገና መውጋት ነው፤ በየጊዜው የሚወጋ ሰው ደግሞ ደም ስሮቹ አንድ በአንድ ያልቁበታል። «ደም ስሩ ጠፋብን» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ አብሮ የተወለደ ሳይሆን በሕክምናው ራሱ የመጣ ነው።

ከብረት ወደ ፕላስቲክ

ፈሳሽን በደም ስር መስጠት የቆየ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ስኮትላንድ ውስጥ ቶማስ ላታ የተባለ ሐኪም ኮሌራ ሰውነታቸውን ላደረቀባቸው ሕሙማን የጨው ውሃ በደም ስር ሰጥቶ አንዳንዶቹን ከሞት አፋፍ መልሷል። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ደም ስር ውስጥ የሚቀመጠው ዕቃ በአብዛኛው የብረት መርፌ ነበር። ብረት አይታጠፍም፤ በሽተኛው ክንዱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር የመርፌው ጫፍ የደም ስሩን ግድግዳ ይወጋል፤ ስለዚህ ክንዱን ጣውላ ላይ ማሰር የተለመደ ነበር። በ1950 አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ዴቪድ ማሳና ባልደረቦቹ መርፌው ላይ የተሰካ የፕላስቲክ ቱቦ አስተዋወቁ፦ መርፌው ደም ስሩን ይወጋል፣ ቱቦው ተንሸራቶ ይገባል፣ ከዚያ መርፌው ይወጣል። ዛሬ በየክፍሉ የሚታየው ካኑላ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። (እዚህ ላይ አንድ ሥጋት ላቃልል። «መርፌው ውስጤ ነው» ብለው ክንዳቸውን ሳያንቀሳቅሱ የሚውሉ ሕሙማን አሉ። ውስጥ የቀረው ለስላሳ ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ መርፌው በገባበት ደቂቃ ወጥቶ ተጥሏል።)

ፕላስቲክ ያመጣው ምቾት ሌላ ፈተናም አምጥቷል። የብረት መርፌ ስለማይመች ቶሎ ይነቀል ነበር። ለስላሳ ቱቦ ግን ለቀናት ይቆያል፤ ሲቆይም ይረሳል። ደም ስር ውስጥ ለቀናት የተጋደመ ባዕድ ነገር ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ የእኛ ዘመን ጥያቄ የሆነው ለዚህ ነው።

ቦዩና ግንዱ

አንድ የመስኖ ቦይ እናስብ። ውሃው በዝግታ፣ ነገር ግን ሳያቋርጥ ይወርዳል። አሁን ቦዩ ውስጥ በቁመቱ አንድ ግንድ እናጋድም። ግንዱ ቀጭን፣ ቦዩ ሰፊ ከሆነ ውሃው ግራና ቀኙን አልፎ መንገዱን ይቀጥላል። ግንዱ ቦዩን የሞላ እንደሆነ ግን ውሃው ይዝላል፤ የዛለ ውሃ የያዘውን ደለል ይጥላል፤ ግንዱም በተንቀሳቀሰ ቁጥር የቦዩን ዳር እየፋቀ አፈሩን ይንዳል። ደለሉ ሲከማች ውሃው ይበልጥ ይዝላል፣ ደለሉም ይበልጥ ይከማቻል።

ደም መልስ፣ ማለትም ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ስር፣ ይህ ቦይ ነው። በምዕራፍ 5 ሩዶልፍ ቪርኾ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሠራው ሥራ ጋር ስማቸው የተያያዘ ሦስት የደም መርጋት ምክንያቶችን አይተን ነበር፦ የደም ፍሰት መዝገም፣ የደም ስር ግድግዳ መጎዳትና የደሙ ራሱ ለመርጋት መቅረብ። ካኑላ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊያመጣ ይችላል፤ ሦስተኛውን ደግሞ በሽታው ራሱ ብዙ ጊዜ ይዞት ይመጣል። ሰውነቱ የተቆጣ፣ ፈሳሽ ያነሰው፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ደሙ ለመርጋት የተዘጋጀ ነው።

ፍሰቱ ምን ያህል እንደሚዝል ብዙ ሰው አሳንሶ ይገምታል። የቱቦው ስፋት የደም ስሩን ስፋት ግማሽ ያህል ቢሆን የሚይዘው ቦታ ሩቡን ብቻ ነው፤ ሦስት አራተኛው ክፍት ነው ብሎ መዝናናት ይቀላል። ፈሳሽ ግን የሚሄደው በክፍት ቦታ መጠን ብቻ አይደለም። ከግድግዳ የሚነካካ ፈሳሽ በሰበቃ ይዘገያል፤ ፈጣኑ መሀል ላይ ያለው ነው። ካኑላው ደግሞ ያንኑ መሀል ይዞ ሁለተኛ ግድግዳ ይሆናል። በፈሳሽ እንቅስቃሴ ስሌት ሲታይ ግማሽ ስፋት ያለው ቱቦ በጠንካራ ቧንቧ ውስጥ ፍሰቱን ከግማሽ በላይ ይቀንሰዋል። እርግጥ ደም ስር ጠንካራ ቧንቧ አይደለም፤ ይለጠጣል፣ ደሙም በጎረቤት ስር መንገድ ሊያገኝ ይችላል። ይሁንና ደሙ በሌላ መንገድ ሄደ ማለት ካኑላው ባለበት ስር ቆመ ማለት ስለሆነ ይህ ለካኑላው ማጽናኛ አይሆነውም።

የአሜሪካው የኢንፍዩዥን ነርሶች ማኅበር ካኑላው ከደም ስሩ የውስጥ ስፋት ከ45 በመቶ በላይ እንዳይይዝ የሚመክረው ከዚህ በመነሣት ነው። ቁጥሩ የተገኘው ከክንድ ተነሥተው እስከ ልብ አጠገብ በሚዘልቁ ረጃጅም ቱቦዎች ላይ ከተደረገ ጥናት ስለሆነ ለአጭሩ ካኑላ ቃል በቃል ይሠራል ለማለት አልደፍርም። አቅጣጫው ግን ትክክል ነው፤ ቱቦው ይቅጠን፣ ስሩ ይስፋ።

ቁጥሩ ሲያድግ ቱቦው ይቀጥናል

የካኑላ ውፍረት የሚገለጸው ጌጅ በሚባል ቁጥር ነው፤ አቆጣጠሩም የኋሊት ነው። 14 በጣም ወፍራሙ ሲሆን 24 ከቀጫጭኖቹ አንዱ ነው። ለመለየት እንዲቀል መያዣቸው ዓለም አቀፍ ቀለም አለው፦ 14 ብርቱካናማ፣ 16 ግራጫ፣ 18 አረንጓዴ፣ 20 ሮዝ፣ 22 ሰማያዊ፣ 24 ቢጫ። የ18 ቁጥሩ የውጭ ስፋት 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የ22 ቁጥሩ 0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክንድ ላይ ያለ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስር አረንጓዴውን ለጥቂት ይችላል፤ 2 ሚሊ ሜትር ለሆነው ስር ግን ሰማያዊው እንኳ ልኩን የነካ ነው። ይህን ስሌት ያየ ሰው «ለማንኛውም ወፍራሙን እናስገባ» የሚለው ልማድ ለምን እንደማያዋጣ ይገባዋል። ለአብዛኛው አዋቂ በሽተኛ፣ በየ8 ሰዓቱ አንቲባዮቲክ ለሚወስድና ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ለሚያገኝ ሰው፣ 20 ወይም 22 ቁጥር ይበቃል።

ከባለሙያ ወገን ፈጥኖ የሚመጣ ተቃውሞ አለ፦ ድንገት ደም ቢፈስስ በቀጭን ቱቦ ምን ይሠራል? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ፊዚክሱም ከጎኑ ነው። በቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ ከቱቦው ውስጣዊ ስፋት ጋር በአራተኛ ደረጃ ይያያዛል፤ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ፍሰቱ ወደ 16ኛው ይወርዳል። አንድ ሊትር ፈሳሽ በ22 ቁጥር ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆኖ ለማለፍ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በ18 ቁጥር 10 ደቂቃ አካባቢ፣ በ14 ቁጥር 5 ደቂቃ ያህል። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈስሳት እናት በቀጭን ቱቦ ልትታከም አይገባም፤ በአገራችን ከእናቶች ሞት ምክንያቶች ፊተኛው ይኸው ደም መፍሰስ ነው፤ ለእርሷ ሁለት ወፋፍራም ካኑላ፣ 16 ወይም 18፣ ያስፈልጋሉ። ይህ ግን የምዕራፉን ሐሳብ አያፈርሰውም። በዚያ ሰዓት ወፍራሙን ቱቦ የምንፈልገው ለሰዓታት ነው፤ ደም ስሩ የሚከፍለውን ዋጋ አውቀን እንከፍላለን። ስሕተቱ እናቲቱ ከተረጋጋች በኋላ ያው ወፍራም ካኑላ ለ4 ቀን አንቲባዮቲክ መስጫ ሆኖ ሲቀር ነው። በጥድፊያ የገባ ካኑላ ንጽሕናውም አጠራጣሪ ስለሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲቀየር ይመከራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደም መስጠትን ይመለከታል፤ ቀይ የደም ሕዋሳት በቀጭን ቱቦ ሲያልፉ ይፈርሳሉ የሚለው ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮ ሜትር ነው፤ የቢጫው ካኑላ የውስጥ ስፋት ከዚያ በ60 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሕዋሱን የሚጎዳው በግፊት በኃይል ሲገፋ ነው። ዝግ ብሎ ለሚሰጥ ደም ቀጭን ካኑላ ይበቃል፤ ለሕፃናትም የሚሰጠው እንዲሁ ነው።

ክንድ ላይ የት?

ካኑላ ለማስገባት ቀላሉ ስር ለመኖር አስቸጋሪው ቦታ ላይ መገኘቱ የሙያው ምፀት ነው። የክርን መታጠፊያ ላይ ያለው ስር ወፍራም ነው፣ ይታያል፣ በመጀመሪያ ሙከራ ይገኛል። ነገር ግን ክንድ በታጠፈ ቁጥር ግንዱ ቦዩ ውስጥ ይታጠፋል፣ ጫፉ ግድግዳውን ይፍቃል። የእጅ አንጓም እንዲሁ ነው፤ በዚያ ላይ ነርቭ ቅርብ ስለሆነ መወጋቱ ያማል። የእጅ ጀርባ ስሮች ቀጫጭን ናቸው፣ የሚያልፍባቸውም ደም ጥቂት ነው። በነርሶች ማስተማሪያ መጻሕፍት የሚሰጡ ግምቶች የእጅ ጀርባን ስር ፍሰት በደቂቃ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ያደርጉታል፤ ወደ ክንድ ሲወጣ ወደ 40 እና 90 ያድጋል፤ ልብ አጠገብ ባለው ትልቁ ስር 2 ሊትር ይደርሳል። ስለዚህ ለቀናት ለሚቆይ ካኑላ ተመራጩ ከእጅ አንጓ በላይና ከክርን በታች ያለው ክንድ ነው። ሰፊ ስር አለ፣ አይታጠፍም፣ በሽተኛውም መብላትና መታጠብ ይችላል። የማይሠራበት እጅ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። አዋቂ ሰው ላይ እግር የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ እዚያ ደም ይዝላል፣ መርጋትም ይቀናዋል። የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው ለእጥበቱ የተዘጋጀለት ክንድ ፈጽሞ አይነካም፤ ይህን በሽተኛውም አስታማሚውም ተናግረው ማስከበር አለባቸው።

ስሩን ለማሳበጥ የሚታሰረው ማሰሪያ፣ የቆዳው መወጠር፣ መርፌው የሚያዘነብልበት ማዕዘን፣ ደም ብልጭ ሲል መርፌውን አቁሞ ቱቦውን ብቻ ወደፊት ማንሸራተት፣ እነዚህ ሁሉ በተግባር የሚለመዱ ናቸው፤ መጽሐፍ ብዙ አይጨምርባቸውም። አንድ ነጥብ ግን ለእኛ ሐሳብ ይጠቅማል። ከቱቦው ርዝመት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ደም ስሩ ውስጥ መሆን አለበት። ስሩ ጥልቅ ሆኖ ጫፉ ብቻ የገባ ካኑላ በትንሽ እንቅስቃሴ ከስሩ ይወጣል። ወፍራም ሰው ላይ በአልትራሳውንድ ታግዞ የገባ አጭር ካኑላ በማግሥቱ ክንድ አሳብጦ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ፈሳሹ ራሱ ሲያቃጥል

በዙሪያው የሚያልፈው ደም ሌላ ሥራም አለው፤ የሚገባውን መድኃኒት ያቀጥነዋል። ደማችን በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሙ ቅንጣቶች የሚለኩበት መለኪያ አለው፤ በዚያ መለኪያ ደም 290 አካባቢ ነው። ተራው የጨው ፈሳሽ 308 ስለሆነ ስሩ አይቆጣም። በየሆስፒታሉ ስኳር ለወረደበት ሰው የሚሰጠው 40 በመቶ ግሉኮስ ግን ከ2000 በላይ ነው፤ የደምን 7 እጥፍ ያህል። ለክንድ ስር በቋሚነት ከሚመከረው ጣሪያ፣ ማለትም ከ900፣ እጥፍ በላይ ነው። የሚጥል በሽታን ለማስቆም የሚሰጠው ፌኒቶይን ደግሞ የሚያቃጥለው በአልካላይነቱ ነው፤ ፒኤች መጠኑ 12 ገደማ ሲሆን የደም 7.4 ነው። እንዲህ ያለ ፈሳሽ በእጅ ጀርባ ቀጭን ስር፣ ያውም ቱቦው ስሩን በሞላበት ሁኔታ ሲሰጥ፣ ሳይቀጥን በቀጥታ የስሩን ውስጠኛ ሽፋን ይነካል። ነፍስ ለማዳን በጥድፊያ ሲሰጥ ሰፊ ስር መርጦ፣ ቀስ ብሎ ሰጥቶ፣ ወዲያው በጨው ፈሳሽ ማጠብ ጉዳቱን ይቀንሰዋል። ለቀናት የሚሰጥ ሲሆን ግን ደም ወደሚበዛበት ቦታ መሄድ ይሻላል። ወደ ልብ የሚጠጉት ረጃጅም ቱቦዎች የተፈለጉት ለዚህ ነው፦ ጫፋቸው በደቂቃ 2 ሊትር ደም በሚያልፍበት ስር ውስጥ ስለሚያርፍ ጠንካራው መድኃኒት በቅጽበት ይቀጥናል።

ታዲያ ለሁሉም ረጅሙን ማስገባት አይሻልም ወይ? አይሻልም። ልብ አጠገብ የደረሰ ቱቦ ባክቴሪያ ቢይዘው ባክቴሪያው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ደርሷል። በ2006 የታተመው፣ ሚቺጋን ውስጥ በ103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተደረገው ታዋቂ ሥራ እንዲህ ያሉ ቱቦዎች የሚያመጡት የደም ኢንፌክሽን በአምስት ቀላል ልማዶች በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ እጅ መታጠብ፣ ሙሉ መከላከያ መልበስ፣ ቆዳውን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ብሽሽትን መሸሽና የማያስፈልገውን ቱቦ ማውጣት። አምስተኛው ምንም ዕቃ እንደማይጠይቅ ልብ ይሏል። በጥቅሉ ለአምስት ቀን ያህል ለሚቆይና ስሩን ለማያቃጥል ሕክምና አጭሩ ካኑላ፣ ከዚያ ለሚረዝመው እስከ ብብት የሚደርሰው መካከለኛ ቱቦ፣ ለሳምንታት ወይም ለሚያቃጥል መድኃኒት ደግሞ ረጅሙ ተገቢ ነው። መካከለኛው ቱቦ በብዙ ሆስፒታሎቻችን እንደ ልብ አይገኝም፤ ይህም አጭሩን ካኑላ ከአቅሙ በላይ እንድንሠራበት ያስገድደናል።

አሁን ወደ ጠብታው ልመለስ። ቱቦው ከስሩ ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ቢገባ ጠብታው ወዲያው አይቆምም፤ ለስላሳው ሥጋ ፈሳሹን ለጊዜው ይቀበላል። ከረጢቱን ብቻ የሚያይ ሰው ደህና ነው ይላል፤ ክንዱ ግን እያበጠ፣ እየቀዘቀዘ፣ ቆዳው እየተወጠረ ነው። የሚያቃጥል መድኃኒት ከሆነ ሥጋው ሊሞት ይችላል። መናገር በማይችል ሕፃንና ራሱን በሳተ ሰው ላይ ይህ በጣም አደገኛ ስለሆነ ካኑላው የገባበትን ቦታ በዓይን ማየት፣ በእጅ መዳሰስ፣ ከሌላኛው ክንድ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ቦታውን ለማጠንከር ተብሎ እስከ ጣት ድረስ በፋሻ መጠቅለል፣ በተለይ ሕፃናት ላይ፣ ይህን ዓይን ይጋርዳል።

የሚነቀነቅ ቱቦ፣ የቆሸሸ አፍ

ኢንፌክሽን የእጅ ንጽሕና ጉዳይ እንጂ የደም ፍሰት ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል። ንጽሕናው መሠረት መሆኑን አልክድም። ቆዳው አልኮል ባለበት ክሎርሄክሲዲን፣ እሱ ከሌለ በ70 በመቶ አልኮል ተጠርጎ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት፤ ባክቴሪያውን የሚገድለው በሚደርቅበት ጊዜ ውስጥ ነው። ከተጠረገ በኋላ ስሩን እንደገና በጣት መፈለግ ጽዳቱን ከንቱ ያደርገዋል። ይሁንና ባክቴሪያ ገብቶ ለመክረም ማረፊያ ይሻል። ደም ዝሎ ቱቦው ላይ የረጋ ቀጭን የፋይብሪን ሽፋን፣ በምዕራፍ 5 ያየነው የመርጋት መረብ፣ ለዚህ የተመቸ ነው። ባክቴሪያዎቹ እዚያ ተጣብቀው የራሳቸውን ልፋጭ ሽፋን ይሠራሉ፤ በዚያ ሥር ሲኖሩ አንቲባዮቲክም የሰውነት መከላከያም በቀላሉ አይደርስባቸውም። ደለሉና ተባዩ አብረው ይኖራሉ ማለት ነው። ንጽሕናና ፍሰት ተፎካካሪ ማብራሪያዎች አይደሉም፤ አንዱ ባክቴሪያውን ከበር ይመልሳል፣ ሌላው የገባውን ማረፊያ ያሳጣዋል።

የመያዣው ጥንካሬ ከሁለቱም ጋር የተሳሰረ ነው። የላላ ካኑላ በትንሹ ወጣ ገባ ይላል፤ ሲገባ የቆዳን ባክቴሪያ ይዞ ይገባል፣ ሲነቀነቅ የስሩን ግድግዳ ይፍቃል። ውስጡን የሚያሳይ ንጹሕ መሸፈኛ ከተገኘ የተሻለ ነው፤ ካልተገኘ ንጹሕ ጎዝና በወጉ የተለጠፈ ፕላስተር። ፕላስተሩን አስቀድሞ ቆራርጦ አልጋው ብረት ላይ መለጠፍ በብዙ ቦታ የሚታይ ልማድ ነው፤ ሥራ ያፈጥናል፣ ግን የአልጋውን ባክቴሪያ ለቁስሉ ማቀበል ነው። የረጠበ ወይም የተላቀቀ መሸፈኛ ወዲያው ይቀየራል፤ ደርቆና ጠብቆ ያለውን ለመቀየር ሲባል መነካካት ግን አይጠቅምም።

መድኃኒት በተሰጠ ቁጥር የካኑላው አፍ በአልኮል ይታሻል፣ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ በጨው ፈሳሽ ይታጠባል። ለአጭሩ ካኑላ ደም የሚያቀጥነው ሄፓሪን በተለምዶ አያስፈልግም። መታጠቡ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ደም ያስወጣል፤ እርስ በርስ ሲገናኙ ጠጣር የሚሆኑ መድኃኒቶችንም ያለያያል፤ ለምሳሌ ሴፍትሪያክሶን ከካልሲየም ጋር፣ ፌኒቶይን ከግሉኮስ ጋር። አልገባም ያለ ካኑላን በስሪንጅ በኃይል መግፋት ግን የረጋውን ደም ወደ ውስጥ መስደድ ነው። የተዘጋ ካኑላ ይወጣል።

በየሦስት ቀኑ መቀየር?

ለረጅም ጊዜ ካኑላን፣ ደህና ቢሆንም፣ በየ3 ወይም 4 ቀኑ መቀየር እንደ ሕግ ይታይ ነበር። በ2012 ላንሰት መጽሔት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ይህን ፈተነው። 3,283 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ የአንዱ ወገን ካኑላ በቀኑ ይቀየራል፣ የሌላው ምልክት ሲታይ ብቻ። ደም ስሩ የተቆጣባቸው በሁለቱም ወገን 7 በመቶ ሆነው ተገኙ። በእኔ ዓይን ይህ ውጤት ከቦዩ ሐሳብ ጋር ይስማማል፦ ወሳኙ ካኑላው የቆየበት ቀን ብቻውን ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሁኔታ ከሆነ፣ ደህና የሆነውን ነቅሎ ሌላ ስር መውጋት ትርፉ ሌላ ስር ማጣት ነው።

ሁሉም ማስረጃ ግን በዚህ ወገን አይደለም። በ2021 የታተመ ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የወጣ ጥናት ከ400,000 በላይ ካኑላዎችን ተከትሎ፣ ሆስፒታሎቹ በቀን ከመቀየር ወደ ምልክት መጠበቅ ሲሸጋገሩ የደም ኢንፌክሽን እንደጨመረ፣ ወደ ቀድሞው ሲመለሱ እንደቀነሰ አገኘ። ቁጥሩ በጠቅላላው ትንሽ ነበር፤ የደም ኢንፌክሽን ግን ገዳይ ስለሆነ ትንሽነቱ ብቻ አያዘናጋም። የአውስትራሊያው ጥናት ብዙ ሕሙማን ቢኖሩትም እንዲህ ያለውን ብርቅ ጉዳት ለመያዝ በቂ አልነበረም። ሁለቱን አንድ ላይ ሳነባቸው የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው፦ ምልክት ሲታይ መቀየር የሚያዋጣው ምልክቱን በየቀኑ የሚያይ ዓይን ሲኖር ነው። አንድ ነርስ ለብዙ በሽተኛ ብቻዋን በምታድርበት ክፍል፣ ካኑላው የገባበት ቀን በማይጻፍበት ቦታ፣ «ምልክት እስኪታይ» ማለት በተግባር «እስኪረሳ» ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ የቀን ገደብ ማበጀት ኋላ ቀርነት አይደለም። ቀኑን ፕላስተሩ ላይ መጻፍ ደግሞ በየትኛውም ክፍል ይቻላል።

ሥራ የሌለው ካኑላ

በ2018 የታተመ ዓለም አቀፍ ቅኝት በ51 አገሮች 40,620 ካኑላዎችን ቆጥሮ 14 በመቶው ምንም አገልግሎት ሳይሰጡ እንደተቀመጡ አገኘ። ፈሳሹ አልቋል፣ መድኃኒቱ ወደ ክኒን ተቀይሯል፤ ቱቦው ግን አለ። «ምናልባት ቢያስፈልግ» የሚለው ምክንያት ለልብ ሕመምተኛ ወይም ደም ሊፈስሰው ለሚችል ሰው እውነት ነው፤ ነገ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው ግን አይደለም።

በእኛ ዘንድ ካኑላን የሚያቆየው ሌላም ነገር አለ፤ በደም ስር የተሰጠ ነገር ሁሉ ከሚዋጠው ይበረታል የሚል እምነት። በሽተኛው «ግሉኮስ ሳይሰካልኝ?» ሲል፣ አስታማሚው ሲጎተጉት፣ ሐኪሙ እምቢ ለማለት ይቸገራል። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ግን 50 ግራም ስኳር ነው፤ 200 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። መዋጥ ለሚችል ሰው ሾርባና ሻይ ይበልጡታል። ሜትሮኒዳዞልና ፍሉኮናዞልን የመሳሰሉ መድኃኒቶችም ተውጠው ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ደም ይደርሳሉ። የሚያስመልሰው፣ ራሱን የሳተ ወይም ብርቱ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው በደም ስር መታከም አለበት፤ ያለፈለት ሰው ግን ስለ ክኒን መጠየቅ መብቱ ነው። ዙር ሲመጣ «ዶክተር፣ ይህ ካኑላ ዛሬም ያስፈልጋል?» ማለት ነውር የለውም፤ አብዛኛው ሐኪም ጥያቄውን በደስታ ይቀበላል።

ሲወጣ ቱቦው ቀስ ተብሎ ይሳባል፣ ቦታው በጎዝ ለጥቂት ደቂቃ ይጫናል፤ ክርን አጥፎ መያዝ ከመጫን የከፋ ነው፣ ደም ከቆዳ ሥር ይቋጥራል። የደም ስሩ ቁጣ ካኑላው ከወጣ በኋላም እስከ 48 ሰዓት ድረስ ሊነሣ ይችላል። ቤት የገባ ሰው ቦታው ቢቀላ፣ ስሩ እንደ ገመድ ቢጠነክርና ቢያመው ለብ ያለ ጨርቅ ማድረግና ክንዱን ከፍ ማድረግ ያስታግሰዋል። መግል ከታየ፣ ቅላቱ ወደ ላይ ከተሳበ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተከተለ ግን ሳያድር ወደ ሕክምና መመለስና ካኑላ ተሰክቶለት እንደነበር መናገር አለበት፤ ካላስታወሰው መርማሪው ትኩሳቱን ወባ ወይም ታይፎይድ ብሎ ሌላ መንገድ ሊሄድ ይችላል።